ግድግዳ ላይ የማይለጠፍ መርዶ

የጋሽ ሰይድን ሞት የሰማሁት በቴክስት ነው። አውሮራ፣ አንድ ሱፐርማርኬት ደጃፍ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ በበረዶው ላይ ጋሪ ስገፋ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። «ሰይድ ሞቷል፣ ሰምተሻል?» ይላል። የላከልኝ ጀማል የሚባል ልጅ ነው፤ ከጋሽ ሰይድ ጋር ከአየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሹፌር። ክፋት የለበትም፣ ደንግጦ ነው። እኔ ግን ጋሪውን እዚያው ትቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ከሐዘኑ በፊት ንዴት ያዘኝ። ሞት በስልክ አይነገርም ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገት የኖረ ሰው፣ የራሱ ሞት በአንዲት መስመር ይነገር? ልቅሶው የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ልቡ ቆሞ ነው አሉ። መንገደኞቹን አውርዶ፣ ሻንጣቸውን አቀብሎ፣ ሚኒባሱን በማቆሚያው መስመር መሃል ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከዚያ ነው የሞተው። ጀማል ይህን ደጋግሞ ነገረኝ። ሰው ሳያስቸግር መሄድ ድሮም ይችልበት ነበር።

ጋሽ ሰይድ በሥራው ሹፌር፣ በጀመረው ትምህርት የእንስሳት ሐኪም፣ በሰፈሩ ደግሞ መርዶ ነጋሪ ነበር። ይህን ሹመት የሰጠው የለም። ግን ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ፣ ዴንቨርም ይሁን አውሮራ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ለባለ ሐዘኑ ሳይሆን መጀመሪያ ለእሱ ይደውላል። እሱም ሁለተኛ ሰው ይጨምርና ጎሕ ሲቀድ ሄዶ ያንኳኳል። ከዚህ የተነሳ የሱን ማንኳኳት የማይፈራ ሐበሻ አልነበረም። ለሰላምታ እንኳ ሲመጣ ሰዎች በመስኮት አጮልቀው አይተውት በር ሳይከፍቱ የሚቀሩበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ፤ ለጨዋታ የመጣ ቀን ከደረጃው ሥር ጀምሮ «ሰላም ነው፣ ማንም አልሞተም» እያለ ይወጣል። የሚሰማው ሁሉ ይስቅና በሩን ይከፍትለታል።

እኔ ግን የማውቀው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ ጣሊያን አገር፣ ሁለታችንም ጀማሪ ተማሪዎች ሆነን።

መጀመሪያ የተላክነው ፔሩጃ ነው፣ ቋንቋ እንድንማር። ፔሩጃ ከተማው ተራራ ላይ፣ የባቡር ጣቢያው ተራራው ሥር ነው። ሁለት ሻንጣ ይዤ ወረድኩና የአውቶቡስ ቲኬት ገዝቼ ወጣሁ፤ ጨዋ ልጅ ነኝ፣ ከፍያለሁ፣ ብዬ ኮርቼ ተቀመጥኩ። ተቆጣጣሪ መጣና ቲኬቴን አገላብጦ አይቶ ይጮህብኝ ጀመር። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ቲኬቱ ከተገዛ በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ማሽን ሊያትምበት እንደሚገባ ነበር። ከኋላ ወንበር አንድ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጢሙ ገና ሽበት የጀመረው ሰው ተነሳና፣ ግማሽ በጣሊያንኛ ግማሽ በእጁ፣ ሰውየውን አግባባልኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «እዚህ አገር ቲኬት ማሽን ካልነከሰው ቲኬት አይደለም» አለኝ። የሰማሁት የመጀመሪያው የጣሊያን ትምህርት ይኸው ነው።

ከደሴ ነው የመጣው። በዕድሜ ከአሥር ዓመት በላይ ይበልጠኛል፤ ሚስቱንና የሦስት ዓመት ልጁን ጥሎ ነው የወጣው። «እርስዎ» ስለው አቋረጠኝ። «አብሽሪ ሰኒ» አለ፤ ስሜ ሰናይት መሆኑን ከነገርኩት ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም። «እዚህ ሁላችንም አንደኛ ክፍል ነን። አንተ በይኝ።» ሻንጣዬን ተሸክሞ ያን ዳገት ሲወጣ በየመሃሉ ቆሞ ይተነፍሳል፣ ቀልድ ይጨምራል፣ ይቀጥላል። ጋሽ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ማለቱን ለማካካስ።

ያ መኸር ብርድና ረሃብ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የተከራየሁበት ቤት አሮጊት ማሞቂያውን የምታበራው በሰዓቱ ብቻ ነው፤ ካፖርት ለብሼ ነበር የምተኛው። ተማሪዎች ምግብ ቤት ስንሄድ ደግሞ እኔ ጾም አለብኝ፣ እሱ አሳማ አይበላም። ረቡዕና ዓርብ ትሪያችን ላይ ያለው ባዶ ፓስታ ነው። «ጾምሽና ሃይማኖቴ ተባብረው አከሱን» ይል ነበር። ሌላው ተማሪ ትሪውን ይዞ ጥግ ፈልጎ ለብቻው ሲበላ ጋሽ ሰይድ ማየት አይሆንለትም። ወደ ማያውቀው ልጅ ትሪውን ይዞ ሄዶ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። አንዳንዶቹ ተነስተው ይሄዳሉ። እሱ አይቀየምም፣ በማግስቱ ሌላ ሰው ጋ ይቀመጣል።

ክፍል ውስጥ ከፊት ነበር የሚቀመጠው። የሃያ ዓመት ልጆች መሃል እንደ ወላጅ ስብሰባ የመጣ ሰው ይመስል ነበር። ቃላት ግን አይያዙለትም። አንድ ቀን የሚማርበትን ቦታ አገኘ፤ ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለ ግድግዳ ነው። በጣሊያን ትንንሽ ከተሞች ሰው ሲሞት ጥቁር ጠርዝ ያለው ወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የቀብሩ ሰዓት፣ የቤተሰቡ ስም። ምን እንደሆነ የነገርኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ፊት ቆሞ ቀረ።

«ሰኒ፣ እነዚህ ሰዎች መርዶን ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ» አለኝ። «ልጅየዋ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ብታነበውስ?»

የሚለጥፈው ቤተሰቡ ራሱ እንደሆነ፣ ሁሉም አስቀድሞ እንደሚያውቅ አስረዳሁት። አልተዋጠለትም። «አንድ ያልሰማ አይጠፋም» አለ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እዚያ ግድግዳ ጋ ሳይቆም አያልፍም። መዝገበ ቃላቱን አውጥቶ የሟቾቹን ስም በቀስታ ያነባል፣ ቃላቱን ይፈታል፣ በራሱ ቋንቋ ዱዓ ያደርግላቸዋል። እንዲህ ሆኖ ጣሊያንኛ የተማረው ከሙታን ነው። አንድ ቀን አብሮን የሚማር የቬትናም ልጅ ቀረና አስተማሪዋ የት እንደሄደ ጠየቀች። ጋሽ ሰይድ ብድግ ብሎ፣ ጠርቶ፣ አንዲት ስሕተት በሌለው ጣሊያንኛ፣ ወዳጃችን ዛሬ ማለዳ ታላቅ ሐዘን ጥሎብን ከመካከላችን ተለይቷል አለ። አስተማሪዋ ጠረጴዛውን ይዛ ቀረች። ልጁ ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ነበር። እስኪበቃን ሳቅን፤ ያን ዓመት እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከቋንቋው በኋላ ተለያየን። እሱ የእንስሳት ሕክምና ሊማር ፓርማ፣ እኔ ፓቪያ ደረሰን። ፓቪያ ከወንዙ የሚነሳው ጭጋግ በኅዳር ይገባና የፊት ለፊቱን ቤት ይሸፍነዋል። ማንንም አላውቅም። ከአፌ አንድም የአማርኛ ቃል ሳይወጣ ሳምንት ያልፋል። እሱ በሳምንት አንዴ ይደውልልኝ ነበር፤ ጥናት ይጠይቀኛል፣ የልጁን ነገር ይነግረኛል፣ ይዘጋል። የመጀመሪያ ፈተናዬ ሲደርስ ግን በየቀኑ መደወል ጀመረ። በላሽ ወይ፣ ማሞቂያው ይሠራል ወይ፣ ጫማሽ ውሃ ያስገባል ወይ። ፈተናው ስላስጨነቀኝ ምንም አልጠረጠርኩም። ያለፍኩ ዕለት ደውዬ እየጮህኩ ነገርኩት። እንኳን ደስ አለሽ አለኝ፤ ድምፁ ግን ደከመብኝ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ሰይድ ነው። ፒያቼንዛ ላይ ባቡር ቀይሮ፣ ጣቢያው ወንበር ላይ አድሮ። ፈተናዬን ሊያከብርልኝ የመጣ መስሎኝ ሳቅሁ፤ ሻይ ጣድኩለት። ሻዩን እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝና እሱ ወለሉ ላይ፣ ከእኔ በታች ተቀመጠ። «ሰኒ፣ አባትሽ አቶ ተክሌ ሞቱ» አለኝ።

መቼ ብዬ ስጠይቀው አልዋሸኝም። ሁለት ሳምንት አልፎታል። ወንድሜ ነው ለእሱ የደወለው፤ ፈተናዋን ትጨርስ፣ አደራ ብሎ። በሁለት እጄ ደረቱን መታሁት። ሁለት ሳምንት ስቄአለሁ፣ ሁለት ሳምንት ፀጉሬን ተሠርቼ ስዞር አየኸኝ አልኩት፤ አላየኝም፣ በስልክ ነበር፣ ግን እንደዚያ ነው ያልኩት። አንዲት ቃል አልተከላከለም። ወንድምሽ ነው እንኳ አላለም። ሌላው ሰው ሁሉ መደወሉን ሲተው፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ እንደገና በባቡር መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሐዘን የባለቤቱ ነው» አለኝ። «ያንቺን ሁለት ሳምንት ወስጄብሻለሁ። ከእንግዲህ የማንንም አልወስድም።» ያን ጊዜ ነው ይቅር ያልኩት።

ሚስቱ ዘይነባ ዲቪ ደርሷት ዴንቨር ሲመጡ ትምህርቱ አልተጠናቀቀም ነበር። ሞንትቤሎ ቤት ተከራዩ፣ እሱ ሚኒባስ ያዘ። እኔ ባል አግብቼ አውሮራ ስመጣ አየር ማረፊያ የተቀበለኝ እሱ ነው። የጣሊያን ነገር ሲነሳ፣ ላሞቹን ትቼ ሰው እነዳለሁ ብሎ ያልፈው ነበር፤ ቀልዱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከፋው የምናውቅ ጥቂቶች ነበርን። የተማረው ትምህርት ሳይሆን ያ ግድግዳ ነው አብሮት የመጣው። ሕግ ነበረው። መርዶ ነጋሪ ጥቁር አይለብስም። ስልኩን መኪናው ውስጥ ትቶ ይገባል። ባለ ሐዘኑ ይታጠብ፣ ትንሽ ይቅመስ፣ ይቀመጥ፤ ነጋሪው ከእሱ በታች ይቀመጥ። «አረፈ»፣ «ተለየን» እያሉ ሰውን ማንከራተት የለም፤ ስሙን ጠርቶ ሞተ ማለት ነው። ፌስቡክ ሲመጣ ደግሞ የፔሩጃን ግድግዳ አሜሪካ ድረስ አመጡብን ብሎ ተቆጣ። የሟች ፎቶ ከሻማ ጋር ያየ ቀን፣ ለጣፊው ደውሎ እስኪያነሳው ይለምነዋል።

ግሌንዴል የምትኖር አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ልጇ አገር ቤት በመኪና አደጋ የሞተባት። ጋሽ ሰይድን በበሩ ቀዳዳ ስታየው አልከፍትም አለች። በሩን ካልከፈትኩ ልጄ አይሞትም ያለች ይመስል፣ ሂድልኝ፣ ሂድልኝ ትላለች። አብሮት የነበርኩት እኔ ነኝ። አላስገደዳትም፣ በበሩም ሥር አልነገራትም። ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ በሩን ተደግፎ ተቀመጠ። ጎረቤቶች እያለፉት ይሄዳሉ፤ አንዱ ፖሊስ ልጥራ ወይ አለን። እሱ በየመሃሉ፣ አለሁ እህቴ፣ ሲመችሽ፣ ይላታል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ በሩ ተከፈተና ሴትዮዋ ወጥታ ምንጣፉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ያኔ ነገራት።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የሞተው። የሱን መርዶ ማን ይናገር?

ያቺ ደሴ ጥሏት የነበረችው የሦስት ዓመት ልጅ፣ ሐያት፣ ዛሬ ኮሌጅ ናት። እዚህ አድጋ፣ በአማርኛ ብትጠየቅ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ነበረች፤ ውጭ አገር መማር ሲፈቀድላት ግን አባቷ የተማረበት ከተማ ካልሆነ አለች። ከመስከረም ጀምሮ ፔሩጃ ናት። የመጀመሪያ ፈተናዋ ሊጀምር ነበር።

ከሱፐርማርኬቱ ደጃፍ በቀጥታ ሞንትቤሎ ሄድኩ። መንገድ ላይ ስልኬን ስከፍት ጀማል የጋሽ ሰይድን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ አውጥቶታል። ደወልኩለት፤ እያለቀሰ ፎቶውን ወዲያው አጠፋው። ጣሊያን መሽቷል፣ አላየችውም ብለን ተጽናናን።

ዘይነባ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያዝኳት፣ አለቀስን። ከዚያ፣ «ለሐያት እንዳትነግሩብኝ» አለችኝ። «ፈተናዋን ትጨርስ። ሁለት ሳምንት ናት።»

ያችው ሁለት ሳምንት ተመልሳ መጣች። እስላሞቹ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፤ ሁለት ሳምንት ከተባለ ልጅቱ የአባቷን ፊት ሳታይ አፈር ይለብሳል ማለት ነው። ሁለት ሳምንት እኔን ምን እንዳደረገኝ ሰይድ ነግሮሽ አያውቅም ወይ አልኳት።

ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። «ነግሮኛል» አለች። «ፈተናው ሰበብ ነው። እኔ ከአፌ አይወጣልኝም ሰኒ። አንቺ ንገሪያት፣ እሱ ላንቺ እንደነገረሽ።»

የመስጊዱ ሽማግሌዎች እስክትደርስ ጀናዛውን ሊያቆዩልን ተስማሙ። ዘይነባ ደወለችና አባትሽ ትንሽ አሞታል ነይ አለቻት። ውሸቱ ከነከነኝ፣ ግን በስልክ ሌላ ምን ይባላል። ሐያት ምኑን ነው ያመመው፣ የት ሆስፒታል ነው አላለችም። «እሺ እማ» ብላ ዘጋች። ያኔ ልብ አላልነውም።

ልቀበላት ስሄድ ቀይ ካፖርቴን ለበስኩ። ስልኬን ለባሌ ለዳዊት ሰጠሁት። አየር ማረፊያው በር ላይ ሻንጣ ሳትይዝ፣ የጀርባ ቦርሳ ብቻ አንግታ ወጣች። ቀዩን ካፖርት ከላይ እስከ ታች አየችው። አቀፈችኝና ብዙ ቆየች። መኪና ውስጥ ስለ ፔሩጃ አወራችኝ፤ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ብርዱ፣ አውቶቡስ ላይ ቲኬቷን ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ እንደምታስነክሰው። አባ ያለኝ ግድግዳ ስቲል አለ፣ ፒክቸር ላክኩለት አለች። ስለ ሕመሙ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። የሞንትቤሎን መውጫ አልፌው ስሄድ በመስኮቱ አየችው፣ አንገቷን መለሰች።

ቤቴ ስንደርስ ዳዊት ሾርባ አሙቆ ጠበቀን። ታጠቢ አልኳት፣ ታጠበች። ቅመሺ አልኳት፣ ሁለት ማንኪያ ቀመሰች። ከዚያ ሳልነግራት ራሷ ተነስታ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የጋሽ ሰይድን ሕግ ሁሉ ጨርሻለሁ፤ የቀረው መናገሩ ነው።

«አክስቴ» አለችኝ። «አይ ኖው። ላይብረሪ ሆኜ ፌስቡክ ላይ አየሁት። ሪፍሬሽ ሳደርገው የለም።»

ለምን አልነገርሽንም አልኳት።

«እማ ስትደውል ቮይሷ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ልትነግሩኝ እየመጣችሁ ነው ብዬ ጠበቅኳችሁ። አባ ኦልዌይስ ምን ይላል መሰለሽ፣ ግድግዳ ላይ ያነበበ ሰው ገና አልተነገረውም።» ዓይኗ ደረቅ ነው። «ሶ ንገሪኝ። ፕሊስ። ስሙን ጠርተሽ።»

«ሐያትዬ» አልኳት፣ «አባትሽ ሰይድ ሞተ።»

ከወንበሩ ወርዳ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ገና አሁን እንደሰማች ሰው ጮኸች።